ያለ ቃል የሚነገር ታሪክ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው በሠርግ ቤት እስክስታ ሲወርድ ያያችሁትን እስቲ አስታውሱ። ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ አንገት ይወዛወዛል፤ ጭብጨባው ይደምቃል። ውዝዋዜው ደስታን እንደሚገልጥ ማንም ያውቃል። ነገር ግን ውዝዋዜ እንደ ተውኔት ታሪክ ሊተርክ ይችላልን?

ይህን ጥያቄ በመድረክ ላይ የመለሱ ኢትዮጵያውያን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ አቀናባሪ በአዲስ አበባ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ ትርኢት አሳየ። መንገደኛ አልፏቸው ይሄድ የነበሩትን ልጆች ተመልካች ተቀምጦ አያቸው። ከመካከላቸው የተመረጡት ለአምስት ዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የተባለው የዳንስ ቴአትር ቡድን አባላት ሆኑ። ከእነዚህ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃፓናዊው አቀናባሪ ከሳቡሮ ቴሺጋዋራ ዘንድ እንዲማር ተመረጠ፤ ቆይቶም ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የተባለ ቡድን አቋቋመ።

በዳንስ ቴአትር ተጫዋቹ «ፈራሁ» አይልም፤ ይንቀጠቀጥ የነበረው ትከሻው በድንገት ቀጥ ይላል፤ እግሩም ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ተመልካቹ ፍርሃቱን ከዚህ ይረዳል። ድርሰትም እንዲሁ ነው። «ሰውየው አዘነ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «ትከሻው ወደቀ፤ የዘረጋውንም እጅ መለሰ» ብሎ መጻፍ ሐዘኑን ለአንባቢ ያሳያል። ሥራውን የሚሠራው ግሡ መሆኑን ልብ በሉ።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ ያያችሁትን የእስክስታ ጨዋታ በአንድ አንቀጽ ግለጡ። «ደስታ» የሚለውን ቃል ሳትጠቅሱ፣ ስሜቱን በመረጣችኋቸው ግሦች አሳዩ።