ዳኛው አገልግሎቱን ሲያቋርጡ፦ በካሊፎርኒያ የወላጅ የክርክር መንገድ

ፍርድ ያልጣመው ሰው አፉ ላይ ቶሎ የሚመጣለት «ይግባኝ እላለሁ» ነው። በካሊፎርኒያ የልጆች ፍርድ ቤት ግን ይህ ቃል ወላጅን ሊያዘናጋ ይችላል። ዳኛው ቤተሰብን መልሶ የማገናኘት አገልግሎቱን አቋርጠው የልጁን ዘላቂ ኑሮ የሚወስን ችሎት ከቀጠሩ፣ ትእዛዙ በተለመደው ይግባኝ አይነካም። መንገዱ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሚቀርብ ልዩ አቤቱታ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት የሚገባበት ጊዜም ወላጁ ችሎት ላይ ከነበረ 7 ቀን ብቻ ነው።

አገልግሎት የሚባለው ልጁ ከቤት ከተወሰደ በኋላ ካውንቲው የሚያዘጋጀው የወላጅነት ትምህርት፣ የምክር አገልግሎት፣ የሱስ ሕክምናና ልጅን የመጎብኛ ሰዓት ነው። ልጁ ሲወሰድ 3 ዓመት ካልሞላው በመሠረቱ 6 ወር፣ ከሞላው 12 ወር ይሰጣል። እስከ 18 ወር ሊራዘም ይችላል፤ 24 ወር የሚደርሰው በጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው ከትእዛዙ በፊት ነው። የሶሻል ዎርከሩ ሪፖርት ከችሎቱ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ለወላጁ መድረስ አለበት። ወላጁ በሚገባው ቋንቋ አስነብቦ፣ ያልተስማማበትን ለጠበቃው ነግሮ፣ ማስረጃ የሚሰማበት ክርክር እንዲቀጠር ይጠይቅ። ጠበቃው ያን ጊዜ ሶሻል ዎርከሩን መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል። አገልግሎቱ በሚገመገምባቸው የ6 እና የ12 ወር ችሎቶች ተገቢ አገልግሎት መሰጠቱን ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ማሳየት ያለበት ካውንቲው ነው። እንበል፣ ኦክላንድ የሚኖር፣ አማርኛ ብቻ የሚናገር አባት በእንግሊዝኛ ብቻ ወደሚሰጥ ትምህርት ተልኮ «አልተከታተለም» ተብሎ ተጻፈበት። ጠንካራ ክርክር አለው። ችግሩን ያኔውኑ ለሶሻል ዎርከሩ በኢሜይል አስታውቆ ከነበረ ደግሞ ክርክሩ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ወራት ዝም ብሎ ችሎት ላይ ብቻ የሚነሣ ቅሬታ ዋጋው ይቀንሳል። የትምህርት የምስክር ወረቀት፣ «ወረፋ ላይ ነህ» የሚል መልእክት፣ የጉብኝት ቀናት ዝርዝር፣ ሁሉም በቀን ተራ ይቀመጡ።

በ18 ወሩ ችሎት ነገሩ ለወላጁ ይከብዳል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 እንደወሰነው፣ ካውንቲው ተገቢ አገልግሎት ባይሰጥም እንኳ ጊዜው በዚያ ምክንያት ብቻ የግድ አይራዘምም።

ትእዛዙ ከተሰጠ በዚያው ቀን ከችሎት ሳይወጡ ጄቪ-820 የተባለውን ፎርም መጠየቅ ነው። ፎርሙ አቤቱታ ለማቅረብ ሐሳብ እንዳለ ያሳውቃል፤ የሚገባውም ትእዛዙን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ፎርሙ የወላጁን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ «ጠበቃዬ ያስገባዋል» ብሎ ወደ ቤት መሄድ አደገኛ ነው። ችሎት ላይ ያልነበረና ማሳወቂያ በፖስታ የተላከለት ወላጅ ከተላከበት ቀን ጀምሮ 12 ቀን አለው፤ ፖስታው ወደ ሌላ ስቴት ከተላከ 17፣ ከአሜሪካ ውጭ ከተላከ 27 ቀን። ለለቅሶ አዲስ አበባ የሄደች እናት የኋለኛው ቁጥር የሚሠራላት ፖስታው ወደዚያ ከተላከ ነው፤ አድራሻ ሲለወጥ በጄቪ-140 ማስመዝገብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የችሎቱ መዝገብ ተዘጋጅቶ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይላካል። መዝገቡ እዚያ ከገባ በ10 ቀን ውስጥ ዋናው አቤቱታ በጄቪ-825 ይቀርባል። አዲስ ማስረጃ የሚጨመርበት ቦታ አይደለም፤ ስሕተቱ ከመዝገቡ ገጽ እየተጠቀሰ ይታያል። አቤቱታ ማስገባት ብቻውን የተቀጠረውን ችሎት አያግድም፤ እግዱ ተለይቶ ይጠየቅ።

ከትእዛዙ በኋላ የወላጁ ኑሮ በእርግጥ ከተለወጠ ሌላ በር አለ፦ በስቴቱ የልጆች ጉዳይ ሕግ አንቀጽ 388 መሠረት በጄቪ-180 የሚቀርብ የለውጥ ጥያቄ። ሁለት ነገር ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ሁኔታው መለወጡን፣ ለውጡም ልጁን እንደሚጠቅም። ሁለተኛው ይከብዳል፤ አገልግሎት ከተቋረጠ በኋላ ዳኛው ይበልጥ የሚመዝኑት የልጁን መረጋጋት ነውና። በዚህ መሃል ጉብኝት መቅረት የለበትም፤ ልጁን ይጎዳል ካልተባለ በስተቀር ይቀጥላል።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ወላጅ ልጁ ከቤት ሲወሰድ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድብለታል፤ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ሁለቱንም ከመጀመሪያው ችሎት ጀምሮ ይጠይቅ።