ህዳር ሊታጠን ነው! አስም ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ዝግጅቱን ከዛሬ ጀምሩ

 

ህዳር 12 እየደረሰ ነው። በዚህ ቀን አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግቢ ይጠረጋል፣ ቆሻሻ ይከመራል፣ ከዚያ በየሰፈሩ እሳት ይለቀቅበታል። ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ካመሳት «የህዳር በሽታ» ነው። ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ስለሆነ ጭስ አያባርረውም። ማጽዳቱ ግን ዛሬም ጥሩ ነው። ስለዚህ ጽዳቱን እንያዝ፣ እሳቱን እንተው!

ጭስ አስምን ለምን ይቀሰቅሳል?

አስም ያለበት ሰው ደህና ሆኖ ቢታይም የአየር ቧንቧው ውስጡ የተቆጣ ነው። ጭስ ሲገባበት በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ ግድግዳው ያብጣል፣ አክታ ይበዛል። ቧንቧው ይጠብና ደረት ያፏጫል፣ ሳል ይነሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

የህዳር ሌሊትና ማለዳ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ጭሱ ቶሎ ወደ ላይ አይበተንም፣ ሰፈር ላይ ተኝቶ ያድራል። ፕላስቲክና ጎማ ሲጨመርበት ይብሳል።

«አፍንጫዬን በነጠላ እሸፍናለሁ» የምትሉ አላችሁ። የጭስ ደቃቅ ብናኝ 2.5 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በታች ነው፤ ከፀጉር 30 ጊዜ ያህል ይቀጥናል። ነጠላም ሆነ ተራው ሰርጂካል ማስክ አያስቀረውም። የግድ መውጣት ካለባችሁ ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ኤን 95 ማስክ አድርጉ።

ከአሁኑ የሚደረጉ 3 ነገሮች

1. የመከላከያውን ፓፍ በየቀኑ ውሰዱ። ብዙ ሰው ሰማያዊውን (ሳልቡታሞል) ብቻ ይዞ ይኖራል። ሰማያዊው የተኮማተረውን ጡንቻ ይከፍታል እንጂ እብጠቱን አያክምም። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂና ወጣት ታማሚዎች በሰማያዊው ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም። እብጠቱን የሚቀንሰው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው መድኃኒት ሥራውን ለመጀመር ቀናት፣ ሙሉ ለሙሉ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። በበዓሉ ዋዜማ ቢጀመር አይደርስም። ከሌላችሁ አሁኑኑ ሐኪማችሁን አማክሩ።

2. ሰማያዊው ፓፍ ማለቁን አረጋግጡ። ብዙውን ጊዜ 200 ፓፍ ይይዛል። ነቅንቆ ማወቅ አይቻልም፤ መድኃኒቱ ቢያልቅም ጋዙ ይነፋል። ስለዚህ የተጠቀማችሁትን ቁጠሩ፣ ተጠባባቂ ግዙ።

3. ጎረቤት አነጋግሩ። «ጎረቤት ይቀየመኛል» ብሎ ዝም የሚለው ብዙ ነው። ልጁን ዘመድ ቤት መላክም ብዙ አይረዳም፤ እዚያም ሰፈር ይጨሳል። ቀለል አድርጋችሁ ንገሯቸው፦ «እትዬ፣ ልጄ አስም አለበት። ዘንድሮ ቆሻሻውን አብረን እንጥረግና በማዳበሪያ አድርገን ለጽዳት ማኅበሩ ልጆች እናስረክብ።» ማዳበሪያውን ይዛችሁ፣ ለመጥረግም ቀድማችሁ ከወጣችሁ እምቢ የሚል ጎረቤት ጥቂት ነው።

በዕለቱ

• ጭስ ሲጀምር በርና መስኮት ዝጉ፣ የበሩን ስር በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ። ጭሱ ሲጠራ ከፍታችሁ አናፍሱ።
• በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል በፍጹም አታስገቡ! ፍም ሆኖ ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ ጤነኛውንም ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት፣ የተቆላ ቡና ተጠቀሙ፣ ዕጣኑ ለዛሬ ይቅር። «ዕጣን እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» እንዳትሉ፤ መልካም መዓዛ ቢኖረውም ለሳንባ ጭስ ነው።
• የማለዳ ሩጫና ስፖርት ይቅር።

ትንፋሽ ካጠረ

ከጭሱ አርቁት፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ሰማያዊውን ፓፍ ነቅንቃችሁ በስፔሰር 4 ጊዜ ስጡት። አንድ ፓፍ ትነፋላችሁ፣ እሱ ከ5 እስከ 6 ጊዜ በእርጋታ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ቀጣዩን። ስፔሰር ከሌለ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ እጠቡና አድርቁ፣ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሱና ፓፉን አስገቡ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። ታማሚው በጠርሙሱ አፍ ይተንፍስ። ቀድማችሁ ብታዘጋጁት ይሻላል።

በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው 4 ፓፍ ድገሙና ወደ ጤና ተቋም መንገድ ጀምሩ።

ከታች ያሉትን ካያችሁ ግን 20 ደቂቃ አትጠብቁ፦
• አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ መጨረስ ሲያቅተው
• ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ሲሰረጉድ
• ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ሲጠቁር
• ሲደክመውና ሲያንቀላፋ
• ልጅ ከሆነ መብላት ወይም መጥባት ሲያቅተው

ወዲያው ወደ ቅርብ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ወይም የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ጥሩ። መንገድ ላይም ፓፉን አታቋርጡ።

ይህን ጽሑፍ ለሰፈራችሁና ለኮንዶሚኒየማችሁ ግሩፕ ሼር አድርጉት። ክብሪቱን የያዘው ሰው ቢያነበው ከሁሉም ይጠቅማል።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ። ጤና ይብዛላችሁ!