ምልዓተ ጉባኤ ሳይጓደል ሰርቨርን ስለ መቀነስ

በአክሲዮን ማኅበር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ ምልዓተ ጉባኤ ምን እንደ ሆነ ይረዳል። የተሰብሳቢው ቁጥር ካልሞላ፥ የተገኙት ምንም ያህል ቢስማሙ ውሳኔያቸው አይጸናም። የዕቃን፥ የትእዛዝንና የሒሳብን መዝገብ በኅብረት የሚይዙ ሰርቨሮችም የሚተዳደሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

መዝገቡ በአንድ ሰርቨር ብቻ ቢያዝ፥ ሰርቨሩ በተበላሸ ቀን ሥራው ይቆማል። ስለዚህ 3 ወይም 5 ሰርቨሮች አንድ ዓይነት መዝገብ እንዲይዙ ይደረጋል። ለምሳሌ ኤትሲዲ የተባለው ፕሮግራም የሚሠራው ዲዬጎ ኦንጋሮና ጆን አውስተርሃውት እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረቡት ራፍት በተባለው ደንብ ነው። በደንቡ መሠረት አንድ ጽሑፍ የሚጸናው ከአባላቱ ከግማሽ የሚበልጡት ሲቀበሉት ነው፤ ይኸውም ከ3 አባላት 2፥ ከ4 አባላት 3፥ ከ5 አባላትም 3 ናቸው። መስመር ተቋርጦ ሰርቨሮቹ በሁለት ወገን ቢከፈሉ፥ ሁለቱም ወገኖች ከግማሽ በላይ ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ በመጋዘን የቀረው አንድ ዕቃ ለሁለት ገዢዎች ተሽጦ አይጻፍም።

አደጋው የሚመጣው ሰርቨር ሲቀነስ ነው። ማሽንን ማጥፋትና ከአባልነት መሰረዝ አንድ አይደሉም። የጠፋው ማሽን ስሙ እስካልተሰረዘ ድረስ እንደ አባል ይቆጠራል። ከ5 ሰርቨሮች 3ቱ ሳይሰረዙ ቢጠፉ፥ የቀሩት 2 አዲስ ጽሑፍ ለማጽናት አይችሉም። አባልን መሰረዝም ራሱ ምልዓተ ጉባኤ የሚፈልግ ውሳኔ ስለ ሆነ፥ የጠፉትን በተለመደው መንገድ መሰረዝ አይቻልም። ማሽኖቹ ተመልሰው ካልተነሡና መዝገቡ ከመጠባበቂያ ቅጂ የሚመለስ ከሆነ፥ ከቅጂው በኋላ የተጻፈው ሽያጭ ሊጠፋ ይችላል።

እንግዲህ ከ5 ወደ 3 ለመውረድ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠበቃል።

1. የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰዳል፤ የሚቀሩትም ሰርቨሮች ደኅና መሆናቸው ይረጋገጣል።
2. የሚወጣው ሰርቨር መሪ ከሆነ፥ መሪነቱ አስቀድሞ ለሌላው ይተላለፋል።
3. ስሙ ከአባላት መዝገብ ይሰረዛል፤ ማሽኑ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።
4. የቀሩት 4 በደኅና መሥራታቸው ሳይታይ ሁለተኛው አይነካም።

ከ3 አንዱ ተበላሽቶ በሌላ ሲተካም፥ አስቀድሞ የተበላሸው ይሰረዛል፥ ቀጥሎ አዲሱ ይጨመራል። አዲሱ ቢቀድም አባላቱ 4፥ የሚያስፈልጉትም 3 ይሆናሉ፤ አዲሱ ሳይነሣ ቢቀር ደኅናዎቹ 2 ብቻ ስለ ሆኑ ሥራው ይቆማል።

ነጋዴው ማሽኑን በእጁ መንካት አያስፈልገውም። ነገር ግን ባለሙያውን ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል፤ የተመዘገቡት አባላት ስንት ናቸው? ከእነዚህ የሚሠሩት ስንት ናቸው? ይህ ከወጣ በኋላ አንድ ሌላ ቢበላሽ ሥራው ይቀጥላልን? ለሦስቱም መልስ ሳይገኝ ማንም ሰው አንድም ሰርቨር እንዳያጠፋ ማዘዝ ከብዙ ኪሣራ ያድናል።