መብል የኀዘን መሸሸጊያ ሲሆን

ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ የተፈተነባቸውን ሦስት ፈተናዎች መምህራኖቻችን ሲተረጕሙ ስስትን በመጀመሪያ ይቈጥራሉ። ስስት ኀጢአት እንደ ሆነ የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ከመጠን በላይ የወፈረውን ሰው ሁሉ «ሆዳም ነው» ብለን የምንፈርድበት ከሆነ፥ ደዌን ከኀጢአት አልለየንምና ነገሩን መመርመር ይገባናል።

አስቀድመን ውፍረት ሁሉ ከመብል ብዛት ብቻ እንደማይመጣ እንወቅ። የዘር ውርስ፥ አንዳንድ መድኀኒት፥ የእንቅልፍም ማነስ ሰውን ያወፍራል። ሆኖም ከወፍራሞች መካከል ሳይርባቸው የሚበሉ፥ ጠግበውም ማቆም የሚሳናቸው፥ ተሰውረው በልተው ወዲያው የሚጸጸቱ አሉ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች በ2005 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ ይህን ራሱን የቻለ ደዌ አድርገው መዝግበውታል። «የመብል ሱስ» የሚለው ስም ግን እስከ ዛሬ ሊቃውንቱን ያከራክራል።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፥ በካሊፎርኒያ በሳንዲያጎ ከተማ የሆነውን እንመልከት። በ1970ዎቹ ዓመታት በእኛ አቈጣጠር፥ ዶክተር ቪንሰንት ፈሊቲ የሚባሉ ሐኪም እጅግ የወፈሩ ሰዎችን ሲያክሙ፥ ክብደታቸው እየቀነሰላቸው ሳለ ብዙዎች ሕክምናውን ትተው ሲሄዱ አይተው ተደነቁ። ቀርበው ቢጠይቋቸው፥ ብዙዎቹ በልጅነታቸው የተደፈሩ ሆነው ተገኙ። መብሉ ኀዘናቸውን ያስረሳቸው፥ ውፍረቱም ከሰው ዐይን ይሰውራቸው ነበር። ሐኪሙ ደዌ ያሉትን እነርሱ መጠጊያ አድርገውት ኖሯል። ዶክተር ፈሊቲ ከዶክተር ሮበርት አንዳና ከሌሎች ጋራ በ1990 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናትም የልጅነት መከራ በኋላ ዘመን ከሚመጣ ከባድ ውፍረትና ከሌላም ብዙ ደዌ ጋራ መያያዙን አስረዳ።

ሁለተኛው ምክንያት ኀፍረት ነው። ያዘነ ሰው ይበላል፤ በልቶ ያፍራል፤ ስለ ኀፍረቱ ራሱን በረኃብ ይቀጣል፤ በተራበም ጊዜ ያለ መጠን ይበላል። ስለዚህ በዐውደ ምሕረት የሚሰነዘር ዘለፋ ይህን ሰንሰለት ያጠብቀዋል እንጂ አይፈታውም። እኛ ካህናትም እንዲህ ያለውን ሰው ጾምና ስግደት ጨምረንበት ብቻ ሰድደነው እንደ ሆነ፥ ሳናውቅ ቍስሉን አመርቅዘነዋል።

ነቢዩ ኤልያስ ሞቱን ለምኖ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አልዘለፈውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። እግዚአብሔርም በኮሬብ አስቀድሞ ጠየቀው፤ ብሶቱንም ሰማ። የንስሐ አባትም «ምን ያህል ትበላለህ?» ከማለቱ በፊት «ምን አሳዘነህ? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ በፍቅር ይጠይቅ። ወደ ሐኪም ይምራው፤ የጾሙንም መጠን ከሐኪሙ ምክር ጋራ አስማምቶ ይወስንለት። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ጾምን ታቀልላለችና። ጾም የነፍስ መድኀኒት ነው፤ የቈሰለች ነፍስ መቅጫ ግን አይደለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።