ቀልብ የሚታመነው የት ነው?

ቦንጋ ውስጥ ቡና የምትቆላ ሴት ሰዓት አታይም፤ የሙቀት መለኪያም የላትም። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ እየዞረ እጇ ማማሰሉን አያቋርጥም። ጢሱ ወፈር ሲል፣ ፍሬው መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲለወጥ ምጣዱን ከእሳቱ ታነሣዋለች። ለምን በዚያች ቅጽበት እንዳነሣችው ብትጠየቅ «ደርሷላ!» ከማለት ሌላ የምትጨምረው ላይኖር ይችላል። አእምሮዋ ግን ቀለሙን፣ ሽታውንና ድምፁን አንድ ላይ ሲያመዛዝን ነበር፤ ለእሷ የደረሳት ውጤቱ ብቻ ነው። «ቀልቤ አልወደደውም»፣ «ልቤ ነግሮኛል» የምንለው ሁሉ የዚህ ዓይነት የንዑስ ህሊና ሥራ ነው። በእኔ እምነት ቀልብ ከልምድ የተገኘ ዕውቀት ነው። ስለዚህ የሚታመነው ሊማር በቻለበት ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ባልተማረበት ነገር ላይም ግን በዚያው ድፍረት ይናገራል።

ሰው ሳያውቀው እንደሚማር በጥናት ከታወቀ ቆይቷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አርተር ሬበር በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች በስውር ሕግ የተደረደሩ ፊደላትን እንዲያጠኑ አደረገ። ከዚያ አዳዲስ ድርድሮች ሲቀርቡላቸው ሕጉን የሚከተለውን ከማይከተለው በግምት ሊገኝ ከሚችለው በላይ ለዩ፤ ሕጉ ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻሉም። በ1973 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ቼይስና ሳይመን ያካሄዱት የቼዝ ጥናት ደግሞ የዚህን ትምህርት ወሰን አሳየ። የቼዝ ሊቅ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለጥቂት ሰከንዶች አይቶ አብዛኛውን መልሶ ይደረድራል። ጠጠሮቹ በዘፈቀደ ሲቀመጡ ግን ከጀማሪው እምብዛም አይሻልም። ይህም ማለት ሊቁ የሚያየው የለመደውን መልክ ነው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ፈጣን ውሳኔ ያጠናው ጌሪ ክላይን የቀልብ ጠበቃ ነበር፤ የ2002 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚው ዳንኤል ካህነማን በበኩሉ የግምትን ስሕተት በመግለጥ ይታወቃል። ሁለቱ ተቃራኒዎች በ2009 እ.ኤ.አ. በጋራ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቀልብ እንዲታመን ሁለት ነገሮች እንደሚያስፈልጉ ተስማሙ። ጉዳዩ የሚደጋገም ሥርዓት ሊኖረው ይገባል፤ ሰውየውም ግምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ቶሎ የሚያይበት ዕድል ሊያገኝ ይገባል።

በካፋ ዞን የጀንፈል ቡናን አደራረቅ በዚህ ዓይን እንየው። ልምድ ያለው ሰው ከአልጋው ላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ ያንቀሳቅሳል፤ ፍሬው በልባሱ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ያዳምጣል፤ አንዱን ፈልፍሎ በጥርሱ ይሞክራል። የሚፈለገው እርጥበት ከ11 እስከ 12 በመቶ ግድም ነው። የእርጥበት መለኪያ ባለበት ቦታ የእጁ ፍርድ ወዲያው ይፈተናል። መለኪያው ባይኖር እንኳ ያለቅጥ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ ቡና ሻግቶ ስሕተቱን ይነግረዋል። በየመኸሩ እንዲህ እየታረመ የኖረ እጅ ቢታመን ተገቢ ነው። ይኸው ሰው ግን «ቡና ዘንድሮ ይወደዳል፣ ልቤ ነግሮኛል» ብሎ ምርቱን ቢያቆይ ነገሩ ሌላ ነው። የዓለም ቡና ዋጋ የናረው በ1975 እ.ኤ.አ. ብራዚል ላይ በወደቀ ውርጭ ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የወደቀው ደግሞ የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ በመቋረጡ ነው። በካፋ ጊምቦ ወይም ዴቻ ወረዳ ላይ ቆሞ ይህን የሚያሸት አፍንጫ የለም። የሚያሳዝነው፣ ሁለቱ ስሜቶች በውስጣችን ፍጹም አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። የርግጠኝነታችን ብርታት የትኛው እውነት እንደሆነ አይነግረንም።

«ልቤ የነገረኝ ስንቴ ደርሷል!» የሚል አንባቢ ይኖራል። የደረሰውን አንረሳውም፤ ሳይደርስ የቀረውን ግን የሚቆጥር የለም። በሰው ላይ የምንሰጠው ፍርድ በተለይ በዚህ ይጎዳል። ፊቱን አይቶ ሥራ ፈላጊን የመለሰ አሠሪ፣ ያ ሰው ቢቀጠር ምን ይሠራ እንደነበር ፈጽሞ አያይም፤ ስለዚህ ሃያ ዓመት ቢቀጥር እንኳ በመለሳቸው ሰዎች ላይ ተሳስቶ እንደሆነ የሚነግረው አያገኝም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ሚል በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሃያ ያህል ጥናቶችን ሲያነጻጽር፣ ቀላል የቁጥር ስሌት ከባለሙያ ግምት ጋር እኩል ወይም የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል፤ ይህ የሆነው በሁሉም ላይ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ሽማግሌዎች ዝናቡን፣ ንቡንና የቡናውን አበባ የሚያነቡት በቀልብ አይደለምን? ነው፤ ያም ዕውቀት ክብር ይገባዋል፤ የዘመናት እርማት አለበትና። ግን ቡና የሚያብበው የበጋው ደረቅ ወራት አልፎ ዝናብ ሲጥል ነው፤ የዝናቡ ጊዜ ሲዛባ የድሮው ልማድ ያስተማረው ግምትም አብሮ ይዛባል። ስለዚህ «ዝናቡ በዚህ ሳምንት ይገባል» የሚል ሰው ግምቱን ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት በቀኑ ይጻፈው፤ ሲዘንብም የዘነበበትን ቀን ከጎኑ ያስፍር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትኛው ምልክት አሁንም እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደከዳው ከደብተሩ ያነበዋል።