ገበታው ሞልቶ ሰውነት ሲመነምን

ለሕመምተኛ ጉልበት ይሰጣል ተብሎ የሚታመን ምግብ በአዲስ ከተማው መርካቶ አይታጣም። ገብሱና አጃው ከእህል በረንዳ፣ ማሩና ቅቤውም ከየተራቸው ይሸመታሉ። ካንሰሩ ሥር የሰደደበት ሰው እየከሳ ሲሄድ ቤተሰብ የሚሮጠው ወደነዚሁ ነው። አጥሚቱ ሲቀርብለት ግን ሕመምተኛው ሁለቴ ፉት ብሎ ይመልሰዋል። «ካልበላህ እንዴት ትድናለህ?» የሚለው ልመናም ውሎ አድሮ ወደ ቁጣ ይለወጣል። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን ምክንያትና መደረግ የሚገባውን እንመለከታለን።

መክሳት ሁሉ ረሀብ አይደለም

በምግብ እጦት የከሳ ሰው ሰውነቱ ኃይል ይቆጥባል፤ በአብዛኛው ስቡን ያቃጥላል፤ ምግብ ሲያገኝም ቀስ በቀስ ያገግማል። በካንሰር ምክንያት የሚመጣውና በሕክምና አጠራር ካኬክሲያ የሚባለው መመንመን ግን ከዚህ ይለያል። ዕጢውና የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ሳይቶካይን የተባሉ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። እነዚህም ብግነትን ያስነሳሉ፤ በአንጎል ውስጥ ረሀብን የሚቆጣጠረውን ሃይፖታላመስ ያውካሉ፤ ጡንቻም ከሚገነባው በላይ እንዲፈርስ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሕመምተኛው «አልፈልግም» ሲል የረሀብ ስሜቱ ራሱ ስለጠፋበት እንጂ እልኸኛ ስለሆነ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች በደረሱበት ስምምነት መሠረት፣ ምግብ ሳይቸግረው በ6 ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ያጣ የካንሰር ሕመምተኛ ካኬክሲያ እንዳለበት ይቆጠራል። ለምሳሌ 60 ኪሎ ግራም የነበረ ሰው 56 ቢደርስ ያጣው 6.7 በመቶ ያህል ነው። ይህ ሁኔታ በተለመደው የአመጋገብ ድጋፍ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይቀለበስም።

ሊታከሙ የሚችሉ እንቅፋቶች

ይህ ማለት ግን ምንም አይደረግም ማለት አይደለም። የአፍ ቁስልና ፈንገስ፣ ማቅለሽለሽ፣ ያልተገታ ሥቃይ፣ ድብርትና የሆድ ድርቀት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው። ሞርፊን የሆድ ድርቀት ስለሚያስከትል ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር መተላለፊያውን ያጠብባል፤ በዚህ ጊዜ ጠባቡን ቦታ የሚያሰፋ ቱቦ በሐኪም ሊገባ ይችላል። ምግብ ፍላጎትን ለጊዜው የሚያነሳሱ መድኃኒቶችም አሉ፤ ጉዳትም ስላላቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለባቸውም። ከገበያ የሚገዛ የባህል መድኃኒትም ከካንሰር መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ለሐኪም መነገር አለበት።

በጥቂቱ ብዙ ኃይል

1 ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፣ 1 ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ አጥሚቱ ላይ 10 ግራም ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ መጨመር፣ የሳህኑን መጠን ሳያበዛ 90 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያክልበታል። በሶ በማር፣ ወተት፣ እርጎና እንቁልም ይረዳሉ። በቀን ሦስት ጊዜ ትልቅ ገበታ ከማቅረብ ይልቅ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ይመረጣል። አፉ የቆሰለ ሰው ከበርበሬና ከሎሚ ይቆጠብ፤ የሚያቅለሸልሸው ደግሞ ከቁሌት ሽታ ይራቅ፤ ቀዝቀዝ ያለ ምግብም ይቅረብለት። ሲበላም ቀና ብሎ ይቀመጥ።

ጾምን በተመለከተ፣ በመርካቶ የሚጎራበቱት የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ምእመናን ሁለቱም የሚጋሩት ሥርዓት አለ፦ በጠና የታመመ ሰው እንዲጾም አይገደድም። የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን ማማከር ሕመምተኛውን ከጸጸት ያሳርፈዋል።

የመጨረሻው ምዕራፍ

ሕይወት ወደ ማብቂያዋ ስትቃረብ ሰውነት ምግብን መጠቀም ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ በግድ ማጉረስ ትንታና ትውከት ያመጣል። ብዙ ቤተሰብ ተስፋ የሚጥልበት 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስም የያዘው 50 ግራም ስኳር ብቻ ነው፤ ከ200 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚሰጠው ዓይነት የማስታገሻ ክብካቤ ዓላማው ሕመምተኛው ያለ ሥቃይና በክብር እንዲቆይ ማድረግ ነው። ጉርሻ በባህላችን የፍቅር መግለጫ እንደመሆኑ መጠን እጅን መሰብሰብ ለአስታማሚ ይከብዳል። ይሁን እንጂ የደረቀ ከንፈርን ማርጠብ፣ የፈለገውን አንድ ማንኪያ ማቅመስና አጠገቡ መቀመጥም ማስታመም ነው። ሕመምተኛው የሚያልፈው ምግብ ስለነፈጉት ሳይሆን በበሽታው ምክንያት መሆኑን አስታማሚዎች ሊያውቁት ይገባል።