ለእግዚአብሔር የተሰጠ አይሸጥም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ «ምኩራብ» ይባላል። ጌታችን በመቅደስ የሚነግዱትን በጅራፍ ማስወጣቱን፣ የለዋጮችንም ገበታ መገልበጡን የምንማርበት ነው (ዮሐ. 2)። ነገሩ በኢየሩሳሌም ብቻ የቀረ አይደለም፤ የእኛንም ደጅ ያንኳኳል።

በቤተ ክርስቲያናችን ለጸሎት የምንቆመው በሥዕል ፊት ነው፤ ሐውልት ማቆም ልማዳችን አይደለም። በላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ግን የቅዱሳን ምስል የሰው ቁመት አክሎ ግድግዳው ላይ ተቀርጿል። ከቤተ መቅደሱ ጋር አንድ ዐለት ስለሆነ ነቅሎ ገበያ የሚያወጣው የለም። መስቀልና ብራና ግን በእጅ ይያዛል፤ ፈተናውም እዚያ ላይ ነው።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ንዋየ ቅድሳት በደላንታ ሜዳ ዘርግቶ ሁለት ቀን በጨረታ ሸጠ፤ ገንዘቡንም ለወታደሮቹ አከፋፈለ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ፣ አንድ የቤልጂየም ሰብሳቢ በ25 ሺህ ዶላር ገዛው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ልብ በሉ፤ መስቀል በራሱ እግር ከመቅደስ አይወጣም። የሚያወጣው እጅ አለ፤ የሚገዛውም እጅ አለ።

ታዲያ መስቀል መሸጥ ሁሉ ኃጢአት ነው ወይ? አይደለም። ባለሙያው ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ጠርቦ አዲስ መስቀል ቢሸጥ የላቡን ዋጋ ነው የሚበላው። ለእግዚአብሔር የተሰጠውን የሚሸጥ ግን የራሱ ያልሆነውን ይሸጣል።

ስለዚህ በዚህ ጾም፦

1ኛ. አሮጌ መስቀል ወይም ብራና በድብቅ ቢያቀርቡልን አንግዛ። «እኔ ብተወው ሌላው ይገዛዋል» ማለት ሌባውን ማበርታት ነው።

2ኛ. ያየነውን ለደብሩ አስተዳዳሪ እንንገር፤ ንዋየ ቅድሳቱም ተቆጥሮ እንዲመዘገብ ሰበካ ጉባኤውን እናግዝ።

3ኛ. ከቁርሳችን የተረፈውን ለተቸገረ እንስጥ። በደጋው ያለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ካህን ልጆቹ ተርበው መስቀሉን ሲጠብቅ፣ እኛ «ቅርስ ይጠበቅ» ብቻ ብንል ምን ይጠቅመዋል? ችግር ለስርቆት ምክንያት አይሆንም፤ የእኛ ዝምታ ግን ያስጠይቀናል።

ሰውነታችንም የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ነውና፣ ጌታችን የገንዘብን ፍቅር ከልባችን ያስወጣልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።